ከሰዓት በኋላ የማይታመም ካምቢዮ

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ስለ መኪና ከተናገሩ ቤታችን ውስጥ ይግባኝ የለም። ስለዚህ «ማርሹን የምትሰብሪው አንቺ ነሽ» ሲሉኝ ነገሩ አለቀ።

በእሳቸው አሮጌ ፒክአፕ የምሸጠውን ባልዲና ጀሪካን ጭኜ ከጭሮ ገለምሶ ገበያ እወስዳለሁ። የታኅሣሥ ብርድ ሲገባ መኪናው ጠዋት ጠዋት ሁለተኛ ማርሽ አልቀበልም አለ። እጀታውን ስገፋው ይገፋኛል፤ ስጫነው ይጮኻል። ሰፈርተኛው በእኔ ማርሽ ከእንቅልፉ ይነሳ ጀመር። ፀሐይ ወጥታ መኪናው ሲሞቅ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ይሄዳል።

ችግሩ፣ የአባቴ ዳኞች፣ ማለትም የጫት ጓደኞቻቸው፣ የሚሰየሙት ከምሳ በኋላ ነው፤ በርጫ ላይ። ጉንጫቸውን በጫት ወጥረው ተራ በተራ መሪ ይይዛሉ፣ አስፋልቱ ድረስ ሄደው ይመለሳሉ። «አቦ፣ ይሄማ ቅቤ ነው! ወላሂ ምንም የለበትም!» ይላሉ። «እስቲ ጠዋት ሞክሩት» ብል ማን ሰምቶኝ? ጠዋት አንዳቸውም ከአልጋ አይወርዱም። ምርመራው በአንድ ድምፅ ተጠናቀቀ፤ በሽታው የሴት እጅ ሆኖ ተገኘ። አባቴም «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የምትለዋን ተረት መረቁበትና፣ ከመጪው ገበያ ጀምሮ ቁልፉ ለታናሽ ወንድሜ እንዲሰጥ ፈረዱ። የልጁ መንጃ ፈቃድ ገና ቀለሙ አልደረቀም።

ቁልፉ ከሄደ ንግዴም ሄደ ማለት ነው። ወንድሜ ሲመቸው ይጭንልኛል፤ ካልተመቸው ባልዲዬን ታቅፌ እቀመጣለሁ። በጣም ተናደድኩ። ማንም በሌለበት ደግሞ አለቀስኩ።

የገበያው ቀን ጠዋት አባቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወንድሜን ሊመርቁ ወጡ። እሱም አስነሳ፣ በአንደኛ ተንቀሳቀሰ፣ ወደ ሁለተኛ ሲል ካምቢዮው እሪ አለ። ደግሞ ሞከረ፤ ባሰበት።

አባቴ ምን ቢሉት ጥሩ ነው? «አይዞህ ልጄ፣ ብርዱ ነው!»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። በእኔ ጊዜ እጅ፣ በእሱ ጊዜ ብርድ! «ሞተሩን አጥፋ» አልኩት። አጠፋ። «አሁን ማርሹን አስገባ።» እጀታው ድንጋይ ሆነበት፤ በሁለት እጁ ታገለው። ወደ አባቴ ዞርኩ።

«አባባ፣ ሞተር ጠፍቶም ማርሹ ከጠጠረ ፍሪሲዮኑም ነጂውም ነጻ ናቸው፤ ጥፋቱ ካምቢዮው ውስጥ ነው። ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ጋቢያቸውን ጥለው ከመኪናው ሥር ገቡና የካምቢዮውን የዘይት ማፍሰሻ ቡሎን ፈቱ። ዘይቱ ለመውረድ ብዙ አመነታ፤ ሲወርድም ብርድ እንደ መታው ማር እየተጎተተ ነበር። ለከባድ መኪና የተገዛ ወፍራም ዘይት ነው። ክረምት ላይ «አሮጌ ካምቢዮ ይህን ይወዳል» ብለው የሞሉት ራሳቸው ነበሩ። ወንድሜ ሰማይ ሰማዩን አየ።

ሱቅ ሄጄ ቀጠን ያለ ዘይት አመጣሁ። አባቴ ሞሉትና እጀታውን ሞከሩ፤ ያለ ጭቅጭቅ ገባ። ቁልፉን ነቅለው ዘረጉልኝ።

«በይ ሂጂ፣ ገበያው እንዳያመልጥሽ» አሉ። ይቅርታ ስጠብቅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጨመሩ፤ «ለበርጫ ሰዎቹ ግን ብርዱ ነበር እንላለን።»

«‹እንላለን› የሚሉት ከማን ጋር ነው?» ብዬ ሞተሩን አስነሳሁ።