የልጄን ማተብ የቆረጠው መቀስ

ነገሩ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ልጄ ሳሮን ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ አሁን ቁመቷ እኔን አልፏል። እኔ ግን ዛሬም የወጥ ቤት መቀስ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ቂመኛ ናት እንዳትሉኝ። መጀመሪያ ስሙኝ፣ ከዚያ ትፈርዳላችሁ።

የምኖረው ሮም ነው። ባሌ ፓዎሎ ጣሊያናዊ ነው። እኔ አንዲት አሮጊት ስንከባከብ ስለምውል፣ ትምህርት በሌለ ቀን ሳሮን የምትውለው በጣሊያንኛ "ኖና" የምትላቸው አያቷ ዘንድ ነበር። አማቴ ሲኞራ ሮዛ ክፉ ሰው አይደሉም። ልጄን ይወዷታል፤ አብልተው አይጠግቡም። ግን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ዓይናቸው አንገቷ ላይ ነው። ጥቁር ማተቧን ጠምደው ይዘውታል።

"አሎራ፣ እንግዲህ ይህን ክር መቼ ነው የምታወልቂላት?" ይሉኛል።

"አይወልቅም ሲኞራ። ክርስትና ስትነሳ የታሰረላት ነው" እላቸዋለሁ።

ስንቴ ነገርኳቸው! ክሩ ሲያረጅ በአዲስ እቀይርላታለሁ እንጂ አንገቷ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ልጄ መልኳ ቁርጥ አባቷን ነው። አማርኛዋም ቢሆን ሁለት ቃል ተናግራ በጣሊያንኛ ነው የምትጨርሰው። ከእኔ ወገን ያላት፣ ወደ ትምህርት ቤትም ወደ መኝታም ይዛው የምትሄደው ነገር ያ ማተብ ብቻ ነበር።

እናላችሁ፣ አንድ ቅዳሜ ነው። በማግስቱ የባሌ እህት ልታገባ ነው፣ ሳሮንም ነጭ ለብሳ ቀለበት እንድትይዝ ተመርጣለች። ከሥራ ወጥቼ፣ ተርሚኒ ጣቢያ ሜትሮ ቀይሬ፣ አማቴ ቤት ስደርስ ልጄ ነጩን ቀሚስ ለብሳ ትሽከረከራለች። አንገቷ ላይ የእመቤታችን ምስል ያለበት ቀጭን የወርቅ ሐብል ተደርጎላታል። ማተቧ የለም።

"ማተብሽስ?" አልኳት።

"ኖና ቆረጠችው። ቆሻሻ ነው፣ ለፎቶ አያምርም አለች" አለችኝ። ከዚያ ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ "እኔም አልፈልገውም" ብላ ጨመረችበት።

ወይ ጉዴ! መቆረጡስ ይቆረጥ፣ ክር በክር ይተካል። "እኔም አልፈልገውም" ስትለኝ ግን አንጀቴ ቁርጥ አለ። በእኛ አገር የከዳ ሰው "ማተቡን በጠሰ" ይባላል። ልጄ በስድስት ዓመቷ በእኔ ልታፍር ነው እንግዲህ፣ እኔም ቀሚሷ አማረ ብዬ ላጨብጭብ?

ባሌ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ኳስ ያያል።

"እናትህ ሲቆርጡት እዚህ ነበርክ?"

"ነበርኩ። ክር ነው እኮ! ቫ ቤኔ፣ ምንም አይደል፣ ነገ ሠርግ ነው፣ አታካብጂው" አለኝ፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል።

እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ወጥ ቤት ገባሁ። አማቴ ሰላጣ ያጥባሉ። መቀሱ ጠረጴዛው ላይ ነው። አነሳሁት። ኧረ አትደንግጡ፣ ልወጋቸው አይደለም!

"ሲኞራ፣ ያንገትዎ ሜዳሊያ ጠቁሯል። ለነገው ፎቶ አያምርም፣ ቀረብ ይበሉና ልቁረጥልዎት" አልኳቸው።

አማቴ ከልጅነታቸው ጀምሮ በክር አንገታቸው ላይ ያሰሯት ትንሽ የብር ሜዳሊያ አለቻቸው። ኦፕራሲዮን ሲሆኑ እንኳ አላወልቅም ብለው ነርሶቹን አስቸግረዋል። በእርጥብ እጃቸው አንገታቸውን ጥርቅም አድርገው ያዙ።

"አብደሻል? ያሰረችልኝ እናቴ ናት!" ብለው ጮኹ።

"የእሷንም ያሰረችላት እናቷ ናት!" አልኩ እኔም እየጮህኩ። ጎረቤት ከፈለገ ይስማ።

ሳሮን በሩ ላይ ቆማ ነበር። የአያቷን እጅ አየች፣ የእኔን መቀስ አየች።

"ኖና፣ ያንቺ ለምን አይቆረጥም?" አለቻቸው።

አማቴ ወንበር ስበው ተቀመጡ። መልሰው ተነሱና የቆሻሻ መጣያውን ከፈቱ። ከሰላጣው ቅጠል ሥር ማተቡን አወጡት፣ በሳሙና አጠቡት፣ በፎጣ አደረቁት። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለልጅቷ ዘረጉላት። ይቅርታ የሚል ቃል ግን ከአፋቸው አልወጣም፣ እስከ ዛሬም አልወጣም።

እኔ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ መለስኩት። አልፈልግም ብትልስ? ባስገድዳት ምን ዋጋ አለው?

ሳሮን ክሩን ተቀብላ ትንሽ አገላብጣ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ መጣች፣ ጀርባዋን ሰጠችኝ፣ ፀጉሯን በሁለት እጇ ወደ ላይ ሰበሰበች።

"እማዬ፣ እሰሪልኝ" አለችኝ፣ በአማርኛ።

የተቆረጠውን ቋጥሬ አሰርኩላት። ወርቁም አልወለቀም። የአያቷ ስጦታ ነው፣ ይሁንላት።

የሠርጉ ፎቶ ዛሬ አማቴ ሳሎን ተሰቅሏል። ማተቡ ከነቋጠሮው ይታያል። እንግዳ መጥቶ ክሩ ምንድነው ብሎ ሲጠይቅ ቀድመው የሚያስረዱት እሳቸው ናቸው፣ ያውም ረዘም አድርገው። እሳቸውን በልቤ ይቅር ብያቸዋለሁ።

የባሌ ነገር ግን አልወጣልኝም። ልጃችን ክርስትና ስትነሳ አጠገቤ ቆሞ ሲታሰርላት በዓይኑ አይቷል። እያወቀ ነው ዝም ያለው። ዝምታ ወርቅ ነው የሚል ካለ ባሌን ይውሰድልኝ!

በቅርቡ የሳሮን ማተብ አረጀ። አዲሱን ክር ይዛ ወደ እኔ ስትመጣ "ዛሬ አባትሽ ይሰርልሽ" አልኳት። ፓዎሎ መነጽሩን አድርጎ ከአንገቷ ኋላ ጎንበስ አለ። አንዴ ይጠብቅበታል፣ አንዴ ይፈታበታል፣ ግንባሩን አላበው።

"ምን ያስቸግርሃል?" አልኩት። "ክር ነው እኮ።"

ቀና ብሎ አላየኝም።