ሳልጠየቅ የተሰጠው ሶፋዬ

የዳሌ ቀዶ ሕክምና አድርጌ ሦስት ሳምንት በማገገሚያ ቤት ቆየሁ። የምወጣበት ቀን ሲደርስ ልጄ በታክሲ መጥታ ወሰደችኝ። መንገዱን ሁሉ ፊቷ ፈክቶ ነበር፤ ስልኳን አየት ታደርጋለች፣ እኔን አየት ታደርጋለች፣ ብቻዋን ፈገግ ትላለች። ድኜ ወደ ቤቴ በመመለሴ የተደሰተች መስሎኝ እኔም ደስ አለኝ። ሰፈሬ ሞርተንሩድ ደርሰን ከአሳንሰሩ ስንወጣ ክራንቼን አስተካክዬ ቆምኩ። እሷ ቀድማ በሩን ከፈተችና ተመልሳ ዓይኔን በእጇ ሸፈነችው።

"ምን ሆነሻል? ልወድቅ እኮ ነው!" አልኳት።

"ቆይ እማዬ፣ ትንሽ ብቻ። ይዤሻለሁ፣ ተራመጂ። አሁን... ሰርፕራይዝ!"

እጇን ስታነሳ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ቤቴ ተዘርፏል የሚል ነበር።

ቡናማው ሶፋዬ የለም። ባለ ሦስቱ የለም፣ ባለ ሁለቱ የለም፣ ነጠላዋ የለችም። በቦታቸው አንድ ረዘም ያለ ግራጫ ነገር ተዘርግቷል። ከወለሉ ከፍ ያለው አንድ ስንዝር ተኩል ቢሞላ ነው። መደገፊያው ወገብ ላይ ያልቃል፤ ክንድ የሚያሳርፉበት ቦታ የለውም። ፊት ለፊቱ እግሯ እንደ እርሳስ የቀጠነ ጠረጴዛ ቆማለች። ግድግዳው ላይ የነበረውን ሁሉ አውርዳ ነጭ አድርጋዋለች።

"እንዴት ነው? ኩሰሊ አይደለም?" አለችኝ።

ኩሰሊ እዚህ አገር በኖርዌጂኛ ሞቅ ላለና ለሚመች ነገር ሁሉ የሚባል ቃል ነው። ሻማ ኩሰሊ ነው፤ በዝናብ ቀን ብርድ ልብስ ተከናንቦ መቀመጥ ኩሰሊ ነው። እኔ ክራንቼን ተደግፌ ቆሜያለሁ፤ የምቀመጥበት ቦታ ግን አይታየኝም።

"ሶፋዬስ?"

"ሰጠሁት።"

"ለማን?"

"ኢንተርኔት ላይ በነፃ የሚሰጥ ብዬ አወጣሁት። እማዬ አታምኚም፣ በማግሥቱ መጥተው ወሰዱልን!"

"ወሰዱልን" ነው ያለችው። የተገላገልነው ነገር ይመስል።

ያንን ሶፋ የገዛሁት ትምህርት ቤት በማጽዳት ቋሚ ሥራ ባገኘሁበት ዓመት ነው። እስከዚያ ድረስ እኔም እሷም የምንቀመጠው ሌላ ሰው በጣለው ወንበር ላይ ነበር። ሶፋው ሲመጣ ሁለቱ ሠራተኞች በበሩ አልገባ ብሏቸው በሩን ነቅለው ነው ያስገቡት። ቬልቬት ነበር፤ ክንዱ ሰፊ፣ መቀመጫው ጠንካራና ከፍ ያለ፣ ሰው ሲቀመጥበት ሰው የሚያስመስል። ከስደተኞች መጠለያ ወጥቶ ገና ማደሪያ ያላገኘ ስንቱ ያገር ልጅ በባለ ሦስቱ ላይ እንዳደረ እኔም አላስታውሰውም። የልጄ የምረቃ ድግስ የተበላው እዚያ ላይ ነው። የወንድሜ መርዶ የተነገረኝም ነጠላዋ ላይ ተቀምጬ ነው፤ ለቅሶ የደረሱኝ ሰዎች ሦስት ቀን ሙሉ ያንን ሶፋ ሞልተውት ነበር። ይህን ሁሉ እያወቀች ነው እንግዲህ "ወሰዱልን" ያለችኝ።

ደክሞኝ ነበር። ቀጥታ ወደ መኝታ ቤቴ ገብቼ ተኛሁ፤ እሷም ደስታ ያደከመኝ መስሏት ሻይ አፍልታልኝ ሄደች። የምትኖረው ሊንደሩድ ነው፤ የራሷ ቤት አላት።

እሁድ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን መልስ የማኅበራችን ሰዎች ሊጠይቁኝ መጡ። አራት ሴቶችና አንድ አዛውንት ናቸው። እኚህ አዛውንት ሰባን ካለፉ ቆይተዋል፤ በማኅበሩ ውስጥ ሁላችንም አባት የምንላቸው ሰው ናቸው። ሴቶቹ በር ላይ ቆመው ሳሎኑን ቃኙት። አንደኛዋ "ልትለቂው ነው እንዴ ቤቱን?" አለችኝ።

"አይ፣ ልጄ አሳምራልኝ ነው" አልኩ። አፌ ሲዋሽ ይታወቀኛል።

"ጋሼ፣ እርስዎ እዚህ ይቀመጡ" ብዬ ግራጫውን አሳየኋቸው፤ ሌላ ምን አለኝ? ሦስቱ የኩሽና ወንበሮች ላይ እኔና ሁለት ሴቶች ተቀምጠናል፤ ሁለቱ ቆመዋል። ጋሼ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። ወረዱ፣ ወረዱ፣ ጉልበታቸው ደረታቸው ጋ ሲደርስ ቆሙ። የቀረነው ከላይ ሆነን ቁልቁል እናያቸዋለን። ከልጅነቴ ጀምሮ ትልቅ ሰው ካለበት ከፍ ብሎ መቀመጥ ምን ያህል እንደሚያስቆጣ ስለማውቅ ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ።

የመሄጃቸው ሰዓት ሲደርስ "በሉ እንግዲህ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ" ብለው ሊነሱ ሞከሩ። አልሆነም። ደግመው ሞከሩ። በእጃቸው የሚገፉት፣ የሚይዙት ነገር የለም። በሦስተኛው ሁለቱ ሴቶች ግራና ቀኝ ብብታቸውን ይዘው ጎትተው አቆሟቸው። ፊታቸው በላብ ረጥቧል።

"ሶፋሽ እንግዳ ይወዳል፤ አልለቅም አለኝ እኮ" አሉና ሳቁ።

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በሩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ለልጄ ደወልኩ። በማግሥቱ ከሥራ ስትወጣ መጣች።

"ሽማግሌ አዋረድሽብኝ" አልኳት፣ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ።

ታሪኩን ስነግራት አዘነች። ሆኖም እጅ አልሰጠችም። "እማዬ፣ ሶፋ እኮ ሰው የሚዝናናበት ነው። እንደ ፍርድ ቤት ቀጥ ብሎ የሚቀመጡበት አይደለም።"

"እንግዳ ነው የምልሽ! እንግዳ ይጋደማል?"

"እንግዳ፣ እንግዳ! እኔስ?" ድምጿ ከፍ አለ። "እዚህ ቤት ሳድግ እዚያ ሶፋ ላይ ስንት ጊዜ ተቀምጫለሁ? እጅሽን ታጠቢ፣ ዳንቴሉን አታበላሺ፣ እንግዳ ይመጣል ተነሺ! ቴሌቪዥን የማየው ምንጣፍ ላይ ተኝቼ ነው። ጓደኞቼ ሲመጡ አልጋዬ ላይ ነበር የምንቀመጠው። ሶፋው የእንግዳ ነበር፤ የእኔ ሆኖ አያውቅም። አንቺስ? ከሥራ ደክሞሽ ስትመጪ አንድ ቀን እግርሽን ዘርግተሽ ተጋድመሽበት ታውቂያለሽ?"

ከሥራ ስገባ የምቀመጠው ኩሽና ውስጥ ነበር። እውነቷን መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

"ባልጋደምበትም የእኔ ነው" አልኳት። "መጥላት ትችያለሽ። መስጠት ግን አትችዪም።"

"ላስደስትሽ ብዬ ነው እኮ!"

"ልታስደስቺኝ ከሆነ ለምን አልጠየቅሽኝም?"

"ብጠይቅሽ እምቢ ትያለሽ!"

ያለችውን እሷም ሰማችው መሰለኝ፤ ቦርሳዋን አነሳች። ተቃቅፈን ሳንሰነባበት ሄደች።

እውነቱን መናገር አለብኝ፤ በዚያ ሳምንት አልጋዬ ላይ ሆኜ እናቴን ሳስብ ነበር የሰነበትኩት። ደሴ ያለው የእናቴ ቤት ውስጥ በግድግዳው ዙሪያ የዞረ የጭቃ መደብ ነበር። እኔ እዚህ ሥራ እንደያዝኩ ወንድሜን አዝዤ አስፈረስኩትና በቦታው ያማረ የስፖንጅ ሶፋ አስገዛሁላት። በስልክ መረቀችኝ። ከዓመታት በኋላ ሄጄ ሳያት ጀርባዋን ሶፋው ላይ አስደግፋ ወለሉ ላይ፣ ቁርበቷ ላይ ተቀምጣለች። "ምነው እማዬ፣ ለምን አትቀመጪበትም?" ብዬ ተቆጣኋት። "ይሰምጣል ልጄ" አለችኝ። ሳቅሁባት፤ ለጎረቤቶቿም እየነገርኩ አሳቅኩባት። መደቧን ማፍረሴን ትወደው እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ አሁን ልጠይቃት ብልም የለችም። ይህ ትዝ ሲለኝ ለልጄ ልቤ ይራራል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልራራም። በእናቴ ላይ የሠራሁት ጥፋት እኔ ላይ ሲሠራ ትክክል አይሆንም፤ ሁለት ጥፋት ይሆናል እንጂ።

ሳምንቱ ሳያልቅ ከኮሙኑ፣ ማለትም ከማዘጋጃ ቤቱ፣ አንዲት ባለሙያ መጣች። ሥራዋ ከቀዶ ሕክምና የወጣ ሰው ቤቱ ለአካሉ የሚስማማ መሆኑን ማየት ነው። ልጄም በዚያ ቀን ፈቃድ ወስዳ ነበር፤ ተኳርፈንም ቢሆን ቀጠሮዬን አትረሳም። ሴትየዋ አልጋዬን ለካች፣ መጸዳጃ ቤቱን ለካች፣ ከዚያ ሜትሯን ይዛ ግራጫው ሶፋ ፊት ተንበረከከች።

"ፎር ላቭት" አለች። በጣም ዝቅ ያለ ነው ማለቷ ነው። ወደ ልጄ ዞር ብላ፣ አዲስ ዳሌ ያለው ሰው እንደዚህ ዝቅ ብሎ ቢቀመጥ መገጣጠሚያው ሊወልቅ እንደሚችል በትሕትና አስረዳቻት። ልጄ ከንፈሯን ነከሰች። ሴትየዋ ከመኪናዋ አራት ወፋፍራም ጥቁር የፕላስቲክ እግሮች አምጥታ ከሶፋው ሥር አስገባች። ያ ልጄ ወራት ሙሉ መርጣ ያመጣችው ቄንጠኛ ሶፋ የጭቃ ቦቲ የተጫማ መሰለ። ልስቅ ይገባኝ ነበር። ሳቅ ግን አልመጣልኝም፤ ከፍ ባለውም ላይ ስቀመጥ ወገቤ መደገፊያ አጥቶ ወደ ኋላ ይንሸራተታል።

"የወሰደው ሰውዬ ስልክ አለሽ?" አልኳት ሴትየዋ እንደ ወጣች።

"አለኝ፤ ግን እማዬ፣ የሰጠነውን..."

"የሰጠሽውን። ደውዪ። ሁሉንም አልልም፤ ነጠላዋን ብቻ እንለምነዋለን።"

ሰውየው ቬስትሊ ነው የሚኖረው። በስልክ ስለ ወንበሯ ከመናገር ፊት ለፊት ይሻላል ብለን "ልናይህ እንመጣለን" ብቻ አልነው፤ ልጄ የጓደኛዋን መኪና ተውሳ ወሰደችኝ። በሩን የከፈተልን በጣም ደስ ብሎት ነው። ገና ስንገባ የልጆች ጩኸት ተቀበለን። ሦስት ሕፃናት ባለ ሦስቱ ሶፋዬ ላይ ወጥተው ይዘላሉ! ጫማ ያደረገም አለ። ልጄ ቆማ አየቻቸው፤ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ምን እንዳሰበች አልጠየቅኋትም።

ነጠላዋ መስኮቱ ጋ ነበረች። አንዲት ከእኔ በዕድሜ በጣም የገፉ አሮጊት ሁለት ክንዳቸውን በወንበሯ ሰፊ ክንዶች ላይ አሳርፈው መቁጠሪያ ይቆጥራሉ። የሰውየው እናት ናቸው። እኔን ሲያዩ ወንበሯን በሁለት እጃቸው ገፋ አድርገው ቀጥ ብለው ተነሱ፤ እጄን ይዘው በማላውቀው ቋንቋ ረጅም ነገር ተናገሩ። ትልቁ የልጅ ልጃቸው መዝለሉን አቁሞ በኖርዌጂኛ ተረጎመልኝ። "አያቴ እግዚአብሔር ይስጥሽ ትላለች። በፊት ለመነሳት አባቴን ትጠብቅ ነበር። አሁን ለጸሎት ብቻዋን ትነሳለች።"

ከመጣሁበት ጉዳይ አንድ ቃል እንኳ መተንፈስ አልቻልኩም። ሻይ ጠጣን። መረቁኝ፤ አሜን አልኩ። እየተቃጠልኩ አሜን አልኩ።

መኪናው ውስጥ ልጄ "ጥሩ ቦታ ነው የገባው፣ አይደል?" አለችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

"ጥሩ ቦታ ነው የገባው። ለእኚያ እናት እኔ ራሴ ብሰጣቸው ምን ያህል ደስ ይለኝ ነበር! ብትጠይቂኝ ኖሮ የተመረቅሁበትን ነገር እኔ አደርገው ነበር። ሳትጠይቂኝ ቸር አደረግሽኝ። የሰው ምርቃት ሰርቄ የመጣሁ ነው የመሰለኝ።"

መሪውን እንደያዘች አለቀሰች። መኪናውን ጥግ አስይዛ አቆመችና "ይቅርታ እማዬ" አለች። እሷ ይቅርታ ስትል እንደ ጓደኞቿ ቀለል አድርጋ አይደለም፤ ስትል ከልቧ ነው።

"ይቅር ብዬሻለሁ" አልኳት። "የቤቴን ቁልፍ ግን መልሺልኝ።"

እየቀለድኩ መስሏት አየችኝ። እጄን ዘረጋሁ። ከቁልፎቿ መካከል ፈልጋ፣ በጥፍሯ ታግላ ፈታ ሰጠችኝ።

ግራጫው ሶፋ አሁን ሊንደሩድ፣ እሷ ቤት ነው። ከፕላስቲኩ እግሮች ወርዶ እንደ ቀድሞው ወለል ላይ ተዘርግቷል። ስሄድ ከሥራ ገብታ እግሯን ሰቅላ ተኝታበት አገኛታለሁ፤ እንደተመቻት ፊቷ ላይ ያስታውቃል፣ ይህን አልክድም። እኔ ደግሞ አንዱን ቅዳሜ ብቻዬን ወጥቼ አራት ከፍ ያሉ፣ ክንዳቸው እንጨት የሆነ አረንጓዴ ወንበሮች መርጬ ገዛሁ። ስታያቸው "የጥርስ ሐኪም መጠበቂያ ክፍል ይመስላል" አለች። "ይምሰል" አልኳት። ጋሼ መጥተው ተቀምጠውባቸዋል፤ ስለ ወንበሮቹ አንድም ነገር አላሉም፤ ስለ ሌላ ነገር ሁለት ሰዓት ሙሉ አወሩ።

ልጄ አሁን ስትመጣ ደወል ትደውላለች። ቁልፉን መቼ እንደምመልስላት በየጊዜው ትጠይቀኛለች፤ እኔም ገና እያሰብኩበት መሆኑን እነግራታለሁ።