ትንሿ ክብ

ጉርድ ሾላ ያለ አንድ የዴሊቨሪ ድርጅት የደንበኞችን ስልክ እንዳነሳ ቀጠረኝ፤ ለሙከራ። ሥራ አስኪያጁ አንድ ቀን ቦሌ ሆቴል ውስጥ ከተሰጠ ሥልጠና ዓይናቸው እያበራ ተመለሱ። ስክሪን ላይ የሚንቀሳቀሱ፣ ሲነኳቸው የማን እንደሆኑ የሚናገሩ ክቦች አይተዋል። እያንዳንዱ ሠራተኛ ክብ ይሁን፤ ብዙ ስልክ ያነሳ ይተልቅ፣ ከፍም ይበል፤ ያላነሳ ይነስ አሉ። ድረ ገጽ መሥራት ጀማምሬ ስለነበር እኔ ልሞክር አልኩ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው። ይህን ከሠራሽ ቋሚ ነሽ አሉኝ።

ለዚህ የሚሆን የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ አለ፤ ቁጥርን ወደ ሥዕል የሚቀይር፣ ሌሎች ጽፈው ያስቀመጡት ኮድ ነው። መግቢያው ለጀማሪ ቀላል ነው ይላል። ውሸታም። መጀመሪያ ያገኘሁት ባዶ ነጭ ገጽ ነው። ቀጥሎ ክቦቹ ሁሉ ግራ ጥግ ላይ ተደራርበው ወጡ። ያንን ሳስተካክል ሥዕሉ ተዘቅዝቆ መጣ፤ ለካ ላይብረሪው የሚቆጥረው ከላይ ወደ ታች ኖሯል፣ ሰነፉ ሁሉ አናት ላይ ጉብ አለ። ስለ መሥሪያ ቤታችን እውነቱን የተናገረው ያኔ ብቻ ነው።

አጠገቤ የምትቀመጠው የወሎ ሰፈር ልጅ ሳቂታ ነበረች። ስልኬ ሲጮህ፣ “አንቺ ኮድሽን ሥሪ፣ እኔ አነሳልሻለሁ” ትለኝ ነበር። እንደ እህቴ ወደድኳት።

ሥራው ሲሳካልኝ ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሰበሰቡ። ማውሱን ራሳቸው ይዘው መጀመሪያ የነኩት ከሁሉም ታች ያለችውን ትንሿን ክብ ነው። የእኔ ስም ብቅ አለ። ኮድ ስጽፍ ስልክ መች አነሳሁ? ትልቁ ክብ የወንበር ጎረቤቴ ነበር፤ የእኔን ስልኮች በልቶ ወፍሯል። ትናገርልኛለች ብዬ ዞር አልኩ። እሷ የራሷን ክብ ታያለች።

እርስዎ ባዘዙኝ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ እሷም ታውቃለች አልኩ።

“ቁጥር አያዳላም” አሉ። “ለመሆኑ ሰው ሲሰናበት ክቡ ምን ይሆናል? እስቲ በራስሽ አሳዪን።”

ስሜን ከዳታው ሰረዝኩት። ክቤ ቀስ እያለች አነሰች፣ ደበዘዘች፣ ጠፋች። እንደዚያ አምሮባት እንድትጠፋ ስንት የደከምኩት እኔው ነኝ። ሰው አጨበጨበ። ጎረቤቴም አጨበጨበች። አላለቀስኩላቸውም።

“ያምራል” አሉ ሥራ አስኪያጁ። “የሌላውም ሰው እንደዚህ ነው የሚጠፋው?”

“አዎ” አልኩና ማውሱን ወደ ትልቁ ክብ ወሰድኩት። “የማንን ላሳይዎት?”

ጎረቤቴ ወደ እኔ የዞረችው ያን ጊዜ ነው።