የሰባተኛው ቅስት ልክ

ባለፈው ሰሞን ልብስ ሰፊዋ ለዩኒፎርሜ ክንዴን ስትለካ፣ ቀዝቃዛው ሜትር ቆዳዬን ሲነካኝ አያቴ ትዝ አሉኝ። «እጅሽ አጭር ነው» አለችኝ። የዘር ነው አልኳት።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን ከጭሮ ወጣ ብሎ ያለውን የድሮ የካቶሊክ ሚሲዮን ገዳም ሊያስጎበኙን ወሰዱን። አያቴ ግንበኛ ነበሩ። የገዳሙን በረንዳ ሰባት ቅስቶች በወጣትነታቸው ከአንድ ረጅም ጓደኛቸው ጋር ነው የሠሩት። የምሰሶው ከፍታ በጓደኛቸው ክንድ አምስት ነበር። ስድስቱ እንዳለቁ ጓደኛቸው ቁልቢን ሊሳለም ሄደ። አያቴ መጠበቅ ሰልችቷቸው፣ ወደ ጸሎት ቤቱ የሚያስገባውን ሰባተኛውን በራሳቸው ክንድ አምስት ለክተው አቆሙት። ዝቅ ብሎ ቀረ። አፍረው ዳግመኛ ግቢውን አልረገጡም፤ በኋላም ዓይናቸው ደከመ። ልሄድ ስል፣ «እስቲ አፍርሰዋት እንደሆነ እይልኝ» አሉኝ።

ውጪው ያቃጥላል፤ በረንዳው ግን ቀዝቃዛ ነበር፣ ኖራና ሻማ ይሸታል። መምህሩ ስለ ጣሪያው ሲያስረዱ እኔ ቅስት እቆጥራለሁ። ሰባተኛዋ አለች! ከወለሉ ጀምሬ በክንዴ ለካሁ። አራት ላይ እጄ አልደርስ ሲል ጓደኛዬ ጎንበስ ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

«ወላሂ፣ ለታሪክ ስል ነው» አለች።

አምስት ስል ልክ ጫፉ ላይ ደረስኩ፤ ወዲያው አንዲት አሮጊት ሲስተር ከጸሎት ቤቱ ወጡ። ደንግጬ ወረድኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ምሰሶውን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉት።

«በበዓል መስቀሉን ይዘን ስንወጣ እዚህ ጋ ዝቅ እናደርገዋለን» አሉ። «እኔ ስመጣም እንዲሁ ነበር። ሥርዓት መስሎኝ ለታናናሾቼም ያስተማርኩት እኔ ነኝ።»

ማታ ለአያቴ ነገርኳቸው። መስቀሉ ጋ ስደርስ እንድደግምላቸው ጠየቁኝ። ደገምኩላቸው።

«በእኔም ክንድ አምስት ነው፣ አባባ» አልኳቸው።

ክንዳቸውን ከክንዴ ጎን አስተኙ፤ ክርን ከክርን። በሌላው እጃቸው የጣቶቻችንን ጫፍ ፈለጉ። እኩል ነበርን።

«ታዲያ አላጎደልኩም» አሉ፣ ቀስ ብለው።

በዓመቱ አረፉ። ልብስ ሰፊዋ፣ ገና ታድጊያለሽ፣ እጅጌውን ላስረዝመው ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

አይ፣ በክንዴ ልክ ይሁን አልኳት።