የግራው ወንበር

ጅግጅጋ መኪና የጠፋበት ከተማ አይደለም። ልቤ ያረፈው ግን ድንበሩ አጠገብ ሐርተሼክ፣ አንድ ነጋዴ ግቢ ውስጥ አቧራ ለብሳ በቆመች አሮጌ የእሽቅድምድም መኪና ላይ ነው። ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ሆዷ መሬት ሊነካ የደረሰ፣ መብራቷ ሲበራ ከኮፈኑ ውስጥ ብድግ የሚል። ነድቼ ቤት ሳስገባት ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየቻትና «የቀረው ግማሽ ነገ ነው የሚመጣው?» አለችኝ። እኔ ደግሞ ቶሎ የምናደድ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን እራቴን ሳልበላ ተኛሁ።

መሪዋ በቀኝ ነበር። ከድንበር ማዶ የሚመጡት አብዛኞቹ እንደዚያ ናቸው። መንገዳችን ግን ለግራ መሪ ነው የሚመቸው፤ በቀኝ የተቀመጠ ሹፌር፣ ከባድ መኪና ከፊቱ ከገባ የመኪናውን ቂጥ እንጂ ሌላ ነገር አያይም። ልቅደም ካለ በግራ የተቀመጠው ሰው አንገቱን አስግጎ ማየት አለበት። ስለዚህ እኛ ጋ ቀኝ መሪ የሚነዳ ሰው ከከተማ ሲወጣ ዓይን ይዞ ነው የሚወጣው፤ ዘመድም ይሁን ጎረቤት አንድ ሰው ግራው ወንበር ላይ ያስቀምጣል። የእኔ ዓይን ባለቤቴ ነበረች።

ልጅ አልሰጠንም፤ እሑድ እሑድ ሁለታችን ወደ ቱሊ ጉሌድ ወይም ወደ ሐርተሼክ እንወጣ ነበር። መንዳት አትችልም፤ መንገድ በማየት ግን የሚስተካከላት አላጋጠመኝም። «ቆይ» ትላለች። «ቆይ አልኩህ እኮ! አንተ ሰውዬ፣ ግመል አለ!» ከዚያ ዝም። ከዚያ ጉልበቴን መታ አድርጋ «ግባ!» ስትል፣ እኔ ምንም ሳላይ ነዳጁን እረግጣለሁ። እንዲህ ያመንኩት ሌላ ሰው የለም። እናቴንም ቢሆን እንዲህ አላመንኩም።

በሁለት ሺህ አስር ክረምት ከተማችን ሲረበሽ ባለቤቴ አዳማ እህቷ ጋ ሄደች። እኔ የትም አልሄድም አልኩ። ቤቱ የአባቴ ነው፤ አባቴ በወታደርነት መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው፤ እንጀራዬም እዚሁ መዝገብ ቤት ነው። «ለሁለት ወር ነው» አለች። ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ከደረሰች በኋላ ዞር ብላ መኪናዋን በአገጯ እያሳየችኝ፣ «መሪዋን እንዳትነካት፤ መጥቼ አይልሃለሁ» አለችኝ።

ሁለቱ ወር ዓመት ሆነ፣ ዓመቱም ሌላ ዓመት ጨመረ። ከተማው ተረጋጋ፣ እሷ ግን አልመጣችም። መጀመሪያ እህቷ ታመመች፣ ከዚያ እሷ እዚያው ሥራ አገኘች፣ ከዚያ እኔም «መቼ ነው?» ማለት ተውኩ። ኩራት ነው፣ ሌላ ምን ይባላል። ቅዳሜና እሑድን መኪናዋ ሥር ተጋድሜ አሳልፍ ጀመር። ሞላዎቹን አውጥቼ ከፍ ባሉ ቀየርኩ፤ አለዚያ የሰፈራችን ድንጋይ ሆዷን ይጨርሰው ነበር። ካንዴላው፣ ፍሪሲዮኑ፣ ራዲያተሩ፣ ማርሚታው፣ ያልፈታሁት ነገር የለም። ባዶ ቤት ከመግባት ዘይት ውስጥ መዋል ይሻለኝ ነበር።

መሪዋን ግን አልነካሁም። ጎረቤቴ ሽማግሌ በያጅ ናቸው፤ ሶማሌ ናቸው፣ «አዴር» እላቸዋለሁ፣ አጎቴ እንደማለት ነው። በአጥሩ ላይ ብቅ እያሉ «ዋርያ፣ መሪውን መቼ ነው የምናዞረው?» ይሉኛል። «ሰው እየጠበቅኩ ነው» እላቸዋለሁ። አንድ ቀን «ሰውየው በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው?» አሉኝ። እየሳቅኩ ቤት ገባሁና አልቅሼ ወጣሁ።

በአራተኛው ዓመት አንድ እሑድ ብቻዬን ወደ ሐርተሼክ ወጣሁ። ሲሚንቶ የጫነ መኪና ከፊቴ ገባ። አቧራውን እየቃምኩ ተከተልኩት፤ አይፈጥን፣ አያሳልፍ። ትዕግሥት የሚባል ነገር ደግሞ አልፈጠረብኝም። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ባዶውን ወንበር አየሁና በገዛ አፌ «ግባ!» አልኩ። ገባሁ። ከፊት ለፊት ሰው የሞላ ሚኒባስ እየመጣ ነበር! እንዴት እንደተመለስኩ አላውቅም፤ ራሴን ያገኘሁት ከመንገዱ ወጥቼ ቁጥቋጦ ውስጥ ነው። የሚኒባሱ ሹፌር ወርዶ በሶማሊኛ በስድብ ሞለጨኝ። በመስኮቱ ሕፃን ያቀፈች ሴት ታየኝ ነበር።

በማግስቱ አዴርን «እናዙረው» አልኳቸው።

ግቢዬ ውስጥ ሦስት ሳምንት ፈጀብን። ክሩስኮቱን፣ ከፊት መስታወቱ ሥር ያለውን ሰሌዳ፣ አውርደን ሸራ ላይ ዘረጋነው። ከአንድ የግራ መሪ ቁራሌ መኪና የመሪውን ዘንግና ጥርስ አገኘን፤ ፔዳሎቹን ወደ ግራ አሻገርን፤ ላሜራውን አዴር በዓይናቸው ብቻ ለክተው ቆርጠው በየዱት። አሮጌው መሪ የወጣበትን ቀዳዳ ሊደፍኑት ሲሉ «ተዉት» አልኳቸው። ለምን ብለው አልጠየቁኝም። መሪ ያዞረ ሰው ሁሉ አንድ ስህተት አለው፤ እንደለመደው በቀኝ በር ይገባና መሪ የሌለበት ቦታ ይቀመጣል። በመጀመሪያው ቀን እኔም እንደዚያ ሳደርግ አዴር ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «የሁለት ሳምንት በሽታ ነው፣ ይለቅሃል» አሉኝ።

ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ስትደውል «መኪናዋስ?» ትለኛለች፣ «ደህና ናት» እላታለሁ። ለመቆጣት ሲሆን አንደኛ ነኝ፣ ለዚህ ግን ወኔ አጣሁ። ሁለት ወር ሳይሞላ «ለአሥር ቀን ልመጣ ነው» አለችኝ።

መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኳት። ከስታለች፣ ፀጉሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሏል። ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ይዛለች። አንዱን ከኋላ እንደምንም ወተፍኩት፣ ሌላው ለባጃጅ ተሰጠ። እኔ ጅሉ ደግሞ «ለአሥር ቀን ይሄ ሁሉ ጓዝ ምንድን ነው?» አልኳት። «እንዲያው ነው» አለች። ከዚያ እንደ ድሮዋ ወደ ግራው በር ሄዳ ከፈተችው። መሪው ከፊቷ ነበር። እጇ በሩ ላይ እንዳለ ቆመች። «ይቅርታ» አለችኝ፣ የማታውቀው ሰው ወንበር ላይ ልትቀመጥ የነበረች ይመስል፣ ዞራም በቀኝ ገባች። ሃያ ዓመት በትዳር ኖረን «ይቅርታ» ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው።

እሑድ ወደ ቱሊ ጉሌድ ወጣን። ከባድ መኪና ከፊታችን ሲገባ አንገቷን አሰገገች፤ ከዳር ቁጥቋጦ በቀር የሚታያት አልነበረም። እኔ አይቼ ቀደምኩ። «ጥሩ ነው የሠራኸው» አለች፤ እስከ ቤት በመስኮቷ ወደ ውጭ ስታይ መጣች። በአሥረኛው ቀን ሁለቱንም ሻንጣ ይዛ ተመለሰች። አንደኛውን ጭራሽ አልከፈተችውም።

ዘንድሮ ነው እውነቱን በስልክ የነገረችኝ። «ያን ጊዜ ልቀር ነበር የመጣሁት» አለችኝ።

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?» ጮህኩባት፣ እንደ ልማዴ።

«መሪውን ሳየው ብቻህን መሄድ የለመድክ መሰለኝ።»

ልቆጣ ነበር። ሚኒባሱን፣ ሕፃኗን፣ አራቱን ዓመት ላወራላት ነበር። አፌ ላይ የመጣው ግን ሌላ ነው። «እኔ እኮ አሁንም በቀኝ በር ነው የምገባው» አልኳት። «በየቀኑ፣ ጠዋት ጠዋት። አልለቀቀኝም።»

ቀስ ብላ «ገብተህ ምን ታደርጋለህ?» አለችኝ።

«ቁጭ እላለሁ» አልኳት። «ትንሽ ቁጭ እልና ወርጄ እዞራለሁ።»