ቀኑን የሸነሸነችው ሰብሌ

ሰብሌ የመሪጌታ ልጅ ናት። ላሊበላ ውስጥ በአንዲት ባለ አሥራ ሁለት ክፍል የእንግዳ ማረፊያ የእንግዶቹን መውጫና መግቢያ የምታስተባብረው እሷ ነች። ዘንድሮ ክፍሎቹ ሁሉ ገና ከመድረሱ ከሳምንት በፊት ሞሉና ደስታ እግሯን መሬት አላስነካ አላት።

ማክሰኞ ግን ነገር ተበላሸ። ወደ ገነተ ማርያም የሚሄዱ ምእመናን መነሻቸው በአንድ ሰዓት ቀደመና ስንቅ ሳይዙ ወጡ። ስንቁን የሚያሰናዳው ምናለ ጆሮው አይሰማም፤ ፊደልም አልቆጠረም። ሰዓቱ መለወጡን የነገረው አልነበረም።

የቤቱ ባለቤት እትዬ የሺሃረግ፣ "ለገና እንኳ ሌላ ሰው ብንፈልግ ይሻላል" አሉ።

"ጥፋቱ የእኛ ነው እትዬ፤ የነገን ቀን ብቻ ይስጡኝ" አለች ሰብሌ።

ያን ዕለት ትልቁን የግድግዳ ሰዓት አውርዳ መስታወቱን ፈታች። ባለቀለም ወረቀት እንደ ድፎ ዳቦ እየሸነሸነች ከቆጣሪዎቹ ሥር ለጠፈች። ትንሹ ቆጣሪ ከንጋት እስከ ማታ አንዴ ስለሚዞር የቀኑ ጉዞ በሙሉ እዚያው ገባ፤ አረንጓዴው የነአኩቶ ለአብ፣ ቢጫው የገነተ ማርያም። በየመነሻው ላይ የስንቅ ከረጢት ሳለችና ወጥ ቤት ሰቀለችው።

ምናለ ጠዋት መጥቶ ሰዓቱ ፊት ቆመ። ጣቱን ከትንሹ ቆጣሪ ጀምሮ ቀስ እያለ እስከ ቢጫው ወሰደ። ከዚያ ወደ ሰብሌ ዞሮ ሳቀ፤ ገብቶታል።

አንድ ሰዓት ላይ አስጎብኚው ደወለ። "ለሦስት ያልነው ጉዞ ሁለት ተኩል ሆኗል።" ሰብሌ ወደ ወጥ ቤት ሮጠችና ቢጫውን ወረቀት ወደ ኋላ ሳበችው። ምናለ አይቶ እጅጌውን ሰበሰበ። ሁለት ተኩል ሊሞላ አምስት ደቂቃ ሲቀረው የአሥራ አምስቱም ተጓዦች የስንቅ ከረጢት በር ላይ ተደርድሮ ነበር። ሰብሌ እጁን ይዛ እየዘለለች ሳቀች።

እትዬ የሺሃረግ ከረጢቶቹን ቆመው አዩና ስለ ሌላ ሰው ዳግም አላነሱም። በማግሥቱ ምናለ ራሱ ነጭ ወረቀት ቆርጦ ሊጡን የሚያቦካበት ሰዓት ላይ ለጠፈ። ለገና ዋዜማ ሰዓቱ ላይ ባዶ ቦታ ጠፋ።

"ሰብልዬ፣" አሉ እትዬ የሺሃረግ አንገታቸውን ወደ ወጥ ቤት አስግገው፣ "ለእኔም ጋደም የምልባት አንዲት ቁራጭ ፈልጊልኝ።"