ዕጣ የወጣላቸው ሰዎች፦ ከአያት እስከ እንጦጦ

እሑድ፣ ንጋት 12 ሰዓት፤ መገናኛ

ፀሐይ ሳትወጣ ባቡር ጣቢያው ደርሻለሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ባዶ መጠይቅ፣ ውሃና ብስኩት አለ። የሥነ ልቦና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ፤ የማጠናው የየካ ክፍለ ከተማ ነዋሪዎችን ብቸኝነት ነው። በመጀመሪያው ዙር ጓደኞቼን ሰብስቤ አስሞልቼ ነበር። አማካሪዬ ወረቀቶቹን አገላብጠው፣ ይሄ የሚያሳየው የካን ሳይሆን የልደትሽን እንግዶች ነው አሉኝ።

ስለዚህ የቤት ቁጥሮችን በቁርጥራጭ ወረቀት ጽፌ ዕጣ አወጣሁ። ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ዕጣ የወጣለት ሰው እምቢ ቢል ጎረቤቱን መተካት አይቻልም። ሁለት ቤት ይቀረኛል። ነገ ካላስረከብኩ ምርቃቴ ወደ ከርሞ ይሻገራል።

1 ሰዓት ተኩል፤ አያት

ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ሳንኳኳ በሩ ጣት በምታህል ክፍተት ተከፈተ። ፀጉሯን በሻሽ ያሰረች ወጣት ጊዜ የለኝም ብላ መልሳ ዘጋችው። ወዲያው የጎረቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፈተና ጡረታ የወጡ መምህር በፒጃማ ብቅ አሉ።

«እኔ ጊዜ አለኝ። ስለ ብቸኝነት ነው አይደል? ግቢ።»

ዕጣው የእሳቸው ቤት እንዳልሆነ አስረዳኋቸው።

«በአንድ ቁጥር ልዩነት ነው የምታልፊኝ?»

መምህሩ ትንሽ ካኮረፉ በኋላ ራሳቸው ሄደው የልጅቷን በር አንኳኩ። ይቺ ተማሪ የእኔን መልስ አልፈልግም ብላለች፣ ያንቺን ነው የምትፈልገው፣ እባክሽ ገላግያት አሏት። ልጅቷ ሳቀችና ከፈተች።

ልብስ እየተኮሰች መለሰችልኝ፤ መምህሩም ከደጃፉ አልተንቀሳቀሱም። ከጎረቤቷ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ ያወራችው መቼ እንደሆነ ስጠይቃት ሰዓቷን አየች።

«አሁን። ከዚያ በፊት ግን በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን። ስማቸውን እንኳ አላውቅም።»

«ተስፋዬ እባላለሁ» አሉ መምህሩ ከደጃፉ።

4 ሰዓት፤ ከአራት ኪሎ ወደ ፈረንሳይ ሰፈር

ታክሲው ውስጥ ጋቢና ነው የተቀመጥኩት። ሹፌሩ መጠይቁን አይቶ ምንነቱን ጠየቀኝ። ስነግረው ሥራችን አንድ ነው አለ።

«እኔም መንገድ ላይ የቆመውን ነው የምጭነው። ቤቱ የተኛውን አላውቀውም። ግን የከተማው ሰው ሁሉ ችኩል ነው ብዬ ስሳደብ እውላለሁ።»

አማካሪዬ ይህንኑ ለማስረዳት ሁለት ሰዓት ፈጅተዋል።

5 ሰዓት ተኩል፤ የእንጦጦ ግርጌ

አስፋልቱ አልቆ ቀይ አፈርና ባሕር ዛፍ ይጀምራል። ዳገቱ ትንፋሽ ያሳጣል። ከላይ ከፓርኩ የሚመለሱ ወጣቶች በአዲስ ስኒከር ቁልቁል ይንደረደራሉ። እኔ ሁለተኛው ዕጣ የወጣላቸውን የአቶ ንጉሤን ቤት ፍለጋ ወደ ላይ አለከልካለሁ።

አቶ ንጉሤ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ስድሳውን ያለፉ የጥበቃ ሠራተኛ ናቸው። በራቸው ላይ አገኘኋቸውና ትንፋሼ ሳይመለስ የማይባለውን ተናገርኩ።

«አባባ፣ ዕጣ ወጥቶልዎት ነው የመጣሁት።»

አጥሩን ተደግፈው ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«ስንተኛ ፎቅ ነው?»

ለካ ኮንዶሚኒየም ተመዝግበው ዓመታት ጠብቀዋል። አፌን ከመክፈቴ በፊት ከጎረቤት አንዷ ሰምታ እልል አለች፤ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። የቤት ሳይሆን የጥያቄ ዕጣ መሆኑን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ማስረዳት ነበረብኝ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ንጉሤ ገብተው በራቸውን ዘጉ።

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ስለ ምርቃቴ ማሰብ ትቼ ነበር፤ ያሳፈረኝ የሰውየው ፊት ነው። መሄድ ፈለግሁ፣ ይቅርታ ሳልጠይቅ መሄድም አቃተኝ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተው ኮታቸውን ለብሰው፣ ሁለት በርጩማ ይዘው ወጡ።

«በሕይወቴ የወጣልኝ ዕጣ ይሄ ብቻ ነው፤ አላሳልፈውም። ጠይቂ።»

ጎረቤቶቹም ከበቡን። አንዱ በእሳቸው ፋንታ ሊመልስ ሲሞክር፣ ዕጣው የወጣው ለእኔ ነው ብለው ዝም አሰኙት። እያንዳንዱን ጥያቄ አስበው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው መለሱ። የመጨረሻው ላይ ደረስን። ብቸኝነት ምን ያህል ይሰማዎታል? ከአንድ እስከ አምስት፤ አምስት እጅግ በጣም ማለት ነው።

የከበባቸውን ሰው በዓይናቸው ዞሩት።

«ሌላ ቀን አራት ነው። ዛሬ አንድ።»

11 ሰዓት፤ ወደ ቤት

መጠይቁ የሚጠይቀው ስላለፈው ወር ነው፤ ስለዚህ አራትን አከበብኩ። ታክሲው ቁልቁል ሲወርድ ግን ወረቀቱን እንደገና አውጥቼ፣ አማካሪዬ እንደሚቆጡ እያወቅሁ፣ ጠርዙ ላይ «ዛሬ አንድ» ብዬ ጻፍኩበት።